በቀዳሚው ክፍል ያልሞተው አባት

ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቆቦ

«የወይራው ደጅ» ተመልሶ መጣ። ማለቴ፣ ቀዳሚው። ዋናው ድራማ አምና ስንት ማታ አስለቅሶን ካለቀ በኋላ ቱርኮቹ «እንግዲህ ከዚያ በፊት የሆነውን እናሳያችሁ» ብለው ሌላ ሠሩ። እሱም እንደ ፊተኛው በአማርኛ ተተርጉሞ ዛሬ ጀመረ። የሠርጉን ድግስ በልተህ እጅህን ከታጠብህ በኋላ ለሽምግልናው ና እንደ መባል ነው።

ሱቄ ጢም ብሎ ነበር። ዲሽ የምተክል፣ ቴሌቪዥን የምጠግን ሰው ስለሆንኩ እኔ ዘንድ የሚበራ ስክሪን አይጠፋም፤ ጎረቤቱም በዚያ ሰበብ ይሰበሰባል። እሸቴ ባጃጁን በር ላይ ገትሮ ገባ። ጀዊሪያ ከምታስተምርበት ከሮቢት እንደተመለሰች ጠመኔው ከጣቷ ሳይለቅ ቦታዋን ያዘች።

ገና ማስታወቂያ ሳይገባ «ያዝኩ!» ብላ ጮኸች። «አያትየዋ ስትወለድም ዓይነ ስውር ነበረች አልተባለም? ይኸው መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ!»

«በዳበሳ ነው» አለ እሸቴ።

«ጎረቤቷን ‹ቀሚስሽ ያምራል› ያለቻትም በዳበሳ ነው?»

ሻይዋን እሸቴ ከፈለ። ደንባችን እንዲህ ነው፤ ስህተት የያዘ ይጠጣል፣ የተረታ ይከፍላል። ጨዋታውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ገና ትንሽ ሳለች። «ሰው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲያወራ ሁለተኛውን በደንብ ስሚ» እላት ነበር። የወንድሜ ልጅ ናት፤ ግን አባ ትለኛለች፤ ከእኔ ሌላ አባት አታውቅም።

ኅዳር 7

ሼህ ሰላሁዲን ከዋጃ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ልጃቸው መህዲ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ዝምተኛ፤ ጀዊሪያን ሲያይ ጆሮው የሚቀላ። እሱን ማብሸቅ ጀምሬአለሁ። «ሽንኩርት ነጋዴ ማግባት ጥሩ ነው፣ ስታለቅሺ ምክንያቱን የሚጠይቅሽ የለም» አልኳት ጀዊሪያን፣ እሱ እየሰማ። ሣቀች። ኒካሁ ማሽላው ታጭዶ ሲወቃ፣ ጥር መግቢያ ላይ ሆነ።

የምድራት እኔ ነኝ። አባት ካለ ኒካሁ የሚታሰረው በአባት ወይም አባት በወከለው ሰው ነው፤ አባት ሲሞት ነው ለአባት ወንድም የሚደርሰው። ሼሁ ጥንቁቅ ናቸው። «የአባቷ መሞት የታወቀ ነው አይደል?» አሉኝ።

«በሕይወት ቢኖርማ ይህን ሁሉ ድግስ እኔ ምን አስደገሰኝ?» አልኳቸው። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ።

ሽማግሎቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ አሚና «የዛሬው ቀልድህ ጨው አልነበረውም» አለችኝ። ሴትዮዋ ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ዝም ብላ ነው።

ኅዳር 11፣ መውሊድ

ቸኩያለሁ። አራጌ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ከሳዑዲ ተባሮ መጥቷል። ስልኩን ሊያሠራ ሱቅ ገባ። «ካሊድን ጂዳ አግኝቼው ነበር እኮ! ወንድሜን ሰላም በልልኝ ብሏል።» ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም፣ አልሐምዱሊላህ። የስልኩን መስታወት በነጻ ቀየርኩለት። «ለማንም አትንገር» አልኩት።

«ምነው?»

«ልጁን በሠርጓ ቀን ላስደንቃት ነው።»

ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

ኅዳር 12

አዎ፣ በሕይወት አለ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም ነበር።

ካሊድ ታናሼ ነው። የጀዊሪያ እናት ሙሚና በወባ ስትሞት ልጅቷን እኛ ቤት አስቀምጦ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻገረ። ያኔ በቅጡ አፏን አልፈታችም ነበር። እኔና አሚና ልጅ አልወለድንም።

ኒካሁ እስኪያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።

ኅዳር 19

ድራማው ወንፊት ሆኗል። ዋናው ላይ የአባትየው ማርያም የሳመችው በቀኝ ጉንጩ ነበር፤ ዛሬ በግራ። «በመስታወት ነዋ የቀረጹት» አለ እሸቴ። መንደሩ ድልድይ ያገኘው ዋናዋ ልጅ ነርሚን ስታገባ ነው ብለውን ነበር፤ እሷ ገና ሳትወለድ ከባድ መኪና ሲያልፍበት አየን። እሸቴ ለዚህም መልስ አላጣ፤ «ጎርፍ ወስዶት እንደገና ሠርተውት ነዋ! አንተ የጎሊና ወንዝ ሲሞላ አይተህ አታውቅም?»

ጀዊሪያ ሁሉንም ያዘችው። ሻይ ጠጥታ ጠጥታ «አባ፣ በቃኝ፣ ሆዴ ኩሬ ሆነ» አለች።

ዱሮ ቢሆን ኖሮ ደስታውን አልችለውም ነበር። ዛሬ ስታየኝ ዓይኔን ሸሸሁ።

ኅዳር 26

እነዚህ ጸሐፊዎች እፍረት የላቸውም።

ዋናው ታሪክ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የነርሚን አባት ወይራ በሚጨመቅበት ቤት ውስጥ ተቃጥሎ ሞቷል። አጎቷ ሪዛ አሳደጋት። በሱ ሞት ነው ሁላችንም ያለቀስነው። ዛሬ ማታ ቀዳሚው ምን አሳየን? ቤቱ እየነደደ ሰውዬው በጓሮ በር ወጥቶ፣ ኮቱን አራግፎ፣ ወደ ወደቡ ሄደ። መርከብ ላይ ወጣ። ሲጋራ ለኮሰ!

ከዚያ እሸቴ ሪዛን መርገም ጀመረ። «ይሄ አጎት ተብዬ! የቁም ሰው ገድሎ የሰው ልጅ ሲወርስ!»

«ምክንያት ይኖረው ይሆናል» አልኩ።

«የምን ምክንያት? አንተ ደግሞ ዛሬ ለሌባ ጠበቃ ሆንክ?»

«ስህተት ነው ያልኩህ! ዋናው ላይ ሞቷል፣ ቀብረነዋል፣ አለቀ። ገንዘብ ሲያምራቸው የሞተ ሰው እየቀሰቀሱ...» ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ። ሰው ዞሮ አየኝ።

ጀዊሪያ ግን ስክሪኑን እያየች ነበር። ቀስ ብላ «ምናልባት ስህተቱ ያለው ዋናው ላይ ይሆናላ» አለች።

«እንዴት ሆኖ?»

«ቀድሞ ስለተነገረን ነው እንጂ እውነት መሆኑን ማን አየ? ሞተ ያለን ሪዛ ብቻ ነው። ሬሳውን ያየ የለም።»

ማንም ሳይጠይቀኝ የሁሉንም ሻይ ከፈልኩ።

ኅዳር 28

ለቴሌቪዥን ጣቢያው ደወልኩ። አስተያየት መስጫ የሚባል ቁጥር አላቸው። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ አነሣች። የአያትየዋን ዓይን፣ ድልድዩን፣ ጉንጩን ነገርኳት። ሰውዬውን ደግሞ ወደ ሞቱ መልሱት አልኳት። «አባቴ፣ እኛ እኮ ተርጓሚዎች ብቻ ነን» አለችኝ። እንዴት ያለ ማምለጫ ነው! እኔም ከጂዳ የመጣውን ወደ አማርኛ መለስኩ እንጂ ምን ሠራሁ?

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ታኅሣሥ 1

ማሽላ ስናጭድ ዋልን። መህዲም ከዋጃ መጥቶ አግዞን ነበር፤ ማጭድ አያያዙ ያስቃል። «አንተ ልጅ፣ ማሽላውን ነው ወይስ እግርህን?» ስለው ጀዊሪያ ከጎኔ ታጭድ ነበር። አልሣቀችም።

እሱ ነዶ ሊያደርስ ራቅ ሲል «አባ፣ አባቴ በምን ነበር የሞተው?» አለችኝ።

«ታውቂዋለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። አራተኛ ክፍል ሆኜ የመን ሳይደርሱ ጀልባዋ ተገልብጣ ሰጠመ ብለኸኛል። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ሳዑዲ ጄዛን ውስጥ ወባ ይዞት ሞተ፣ ጓደኞቹ ወደ ቂብላ አዙረው ቀበሩት አልክ። ሰጥሞ ነው ወይስ ታሞ?»

«ሰጥሞ ታመመ» አልኳት።

ማጭዷን መሬት አስቀመጠች። «ሻዩን የሚከፍለው ማነው?» አለችኝና ወደ መህዲ ሄደች።

ጀልባዋን የነገርኳት ቀን ማታ «ዓሣ በላው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ለስንት ጊዜ ውሃ አጠገብ አልደርስም አለች፤ ገላዋን ለማጠብ ከአሚና ጋር ጦርነት ነበር። ባሕሩ ለልጅ እንደከበደ ገባኝ። ስለዚህ ዕድሜዋ ከፍ ሲል፣ የፊቱን ረስታው ይሆናል ብዬ፣ አልጋ ሰጠሁት። ጓደኞች ሰጠሁት። መቃብርም ሰጠሁት፣ ከነዛፉ። ሲሞት ስሟን ጠርቷል አልኳት። ያማረ ሞት ነበር። ከጸሐፊዎቹ የእኔ ይሻላል።

ታኅሣሥ 2

እንቅልፍ እምቢ አለ። እንግዲያው ልጻፈው።

ቴሌ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፤ ያኔ ከውጭ ሲደወል እንደዚያ ነበር፣ ወረቀት ይላካል፣ ሄደህ የስልኩ ሣጥን ውስጥ ትቆማለህ። ካሊድ ነው። ጂዳ ገብቻለሁ፣ አግብቻለሁ አለ። የሚስቱ ቤተሰብ ልጅ እንዳለው አያውቁም። «ሞቷል በሏት» አለኝ። «ምን?» አልኩት። መስመሩ ይጮኻል። «ሞቷል በላት፣ እሷም ይውጣላት፣ እኔም ልረፍ» አለ። «እሺ!» ብዬ ጮህኩ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እሺ ማለቴን ሰምቷል። ለምን እሺ እንዳልኩ ግን የሰማ የለም።

እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እንባው የእውነት ነው፤ አሚና አይታለች፤ ሞተ ስላት ምንም አልተጠራጠረችም። ለቅሶ ተቀመጥን። ጀዊሪያ የሰው ብዛት አስደስቷት ከጉልበት ወደ ጉልበት ትሮጥ ነበር። ማታ ክንዴ ላይ ተኛች።

መልሼ ደውዬ «ኧረ ተው፣ ልጅህ ናት» ልለው እችል ነበር። ቁጥሩ ነበረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ከዚያ በሚቀጥለው። ክንዴ ላይ መተኛት ለምዳ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንዴ ደወለ። ስለ አባታችን መሬት ጠየቀኝ። ስለ እሷ አልጠየቀም። ጠይቆም ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

ታኅሣሥ 6

አራጌ ነገራት። ገበያ ላይ አግኝታው። ቁጥሩን ሰጣት። ሌላ ምን ይጻፋል።

ታኅሣሥ 7

በኢሞ አወራችው። እኔ ጓሮ ሆኜ የዲሽ ብረት እበይድ ነበር፤ አጠፋሁት። የካሊድ ሣቅ ከስልኩ ወጥቶ በመስኮት መጣ። ያው የዱሮው ሣቅ ነው፣ አላረጀም። «ኧረ ለካ ሞቼ ነበር!» ሲል ሰማሁት። እሷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሣቀች። «አባዬ» አለችው። ለእኔ አባ ነው የምትለው፣ ለሱ አባዬ።

ራት ላይ ምግቡን ወደ እኔ ገፋችልኝ። ሰላም አላለችኝም። አሚና ደግሞ እንደ እንግዳ ታየኛለች። «ላንተ ብዬ ለቅሶ ተቀመጥኩ» ብቻ አለችኝ።

ታኅሣሥ 10

ጀዊሪያ ሱቅ አልመጣችም። እሸቴ «ስህተት የሚይዝልን አጣን» አለ። ወሬው እሱ ጋ ደርሷል፤ ከተማው ሁሉ ጋ ደርሷል። ሪዛ ስክሪኑ ላይ በመጣ ቁጥር ጉሮሮውን እየጠረገ ዝም ይላል። መርገሙ ይሻለኝ ነበር።

ቀዳሚው አሁንም ሪዛ ለምን እንደዋሸ አልነገረን። የሚነግሩንም አይመስለኝም። ጸሐፊዎቹ እራሳቸው አያውቁትም።

ታኅሣሥ 13

ሼህ ሰላሁዲን መጡ። ተቆጥተዋል፤ ግን ጨዋ ናቸው፤ ቁጣቸውን ከጫማቸው ጋር በር ላይ አውልቀው ነው የገቡት።

«ውዱ፣ ሞቷል ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬዎት ነበር።»

«ያለ አባቷ ፈቃድ አንተ ድረሃት ቢሆን ኖሮ ልጆቹን ምን ውስጥ ልታስገባቸው ነበር? ይህን አስበኸዋል?»

አላሰብኩትም። ወላሂ፣ አንድም ቀን። እኔ ያሰብኩት የመህዲን እጅ ይዤ «ዳርኩህ» የምልበትን ደቂቃ ብቻ ነው።

የመስጊዳችን ኢማም ሼህ ሸረፈዲንም ተጠርተው ነበርና በሁሉም ፊት ስልክ ተደወለ። ካሊድ በምስሉ መጣ። ወፍሯል። ቲሸርት ለብሶ ፍሪጅ አጠገብ ተቀምጧል። «ፈቅጃለሁ፣ ፈቅጃለሁ! አላህ ያግባባቸው!» አለ፣ ሰው ሳይጨርስለት።

«ወኪልህ ማን ይሁን?» አሉት ኢማሙ።

«ያው ውዱ አለ አይደል? ወይ ልጅቱ የወደደችው ይሁን። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ጀዊሪያ ዞረ። እኔ አልዞርኩም። የስልኩን ስክሪን ነበር የማየው፤ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ልቀይርላት እያሰብኩ።

«ሼህ ሸረፈዲን ይሁኑልኝ» አለች።

«ይሁኑልሽ» አለ ካሊድ። ከዚያ «ውዱ፣ የመሬቱ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ታኅሣሥ 24

ማሽላው ተወቃ። አልከፋም። ዳስ የሚጣልበትን እንጨት ከእሸቴ ጋር ስናመላልስ ዋልን። መንገድ ላይ ባጃጁን አቁሞ «ለምን እንደዋሸህ አልጠየቅሁህም» አለኝ።

«አትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅህም። ግን አንድ ቀልድ ንገረኝ። ከተማው ዝም ሲል ያስፈራኛል።»

አንድም አልመጣልኝም።

ጥር 4

ኒካሁ ታሰረ።

ድምፅ ማጉያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። ማይኩን ለሼህ ሸረፈዲን አፍ አስተካክዬ ያዝኩላቸው። የመህዲን እጅ ጨብጠው «በአባቷ በካሊድ ውክልና ዳርኩህ» ሲሉ ማይኩ ወደ ማጉያው ስላዘነበለብኝ ፉጨት አወጣ። ሕዝቡ ጆሮውን ያዘ። መህዲ «ተቀብያለሁ» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ። ደግ ልጅ ነው። ከዚያ ማንቆርቆሪያ ይዤ እንግዶቹን እጅ ሳስታጥብ ዋልኩ። ደኅና አስታጥቤአለሁ፤ ማንንም አልነከርኩም።

ወደ ዋጃ ከመሄዷ በፊት ጓሮ መጣች። የሙሽራ ልብሷን ከአቧራው ሰብስባ ይዛለች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያኔ ማሳው ላይ እንደመለስክልኝ እንዳትመልስልኝ።»

«ጠይቂ።»

«እሱ ‹ሁልጊዜ እደውል ነበር፣ አጎትሽ ነው ላገናኝህ አልችልም ያለኝ፣ ሞቷል ያለሽም ከራሱ አመንጭቶ ነው› ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ያሳደገኝን ሰው አውቀዋለሁ። ሞቷል በላት ያለህ ራሱ ይሆን?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ሣጥኑ፣ የመስመሩ ጩኸት፣ «እኔም ልረፍ» ያለው ቃል ሁሉ። አንዲት አዎ ነበረች የምትበቃኝ። ክንዴ ላይ መልሳ አታስቀምጣትም፣ ትልቅ ሰው ናት፤ ግን ታቅፈኝ ነበር።

የአንድ ወር አባት ነው ያላት። ጠዋት ጠዋት ይደውልላታል፤ መስኮቱ ሥር ስትሣቅ እሰማለሁ።

«አይደለም» አልኳት። «እሱ እንዳለሽ ነው። እኔ ነኝ።»

«ብዙ ጊዜ ደውሎ ነበር?»

«ብዙ ጊዜ።»

«መቼ መቼ?»

የካሊድን ወሬ በሙሉ አልሰማሁም። ምን እንዳላት አላውቅም። ወንድሜን ግን አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ የሚመርጠውን አውቃለሁ። «በዒድ በዒድ» አልኳት። «አንዳንዴም ስትፈተኚ።»

ፊቷ ጠቆረ። «እንደዚያ ነው ያለኝ» አለች። «በዒድ በዒድ።» ዓይን ዓይኔን ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ሌላ ቀዳዳ ፈለገች፤ የለም። የሱና የእኔ ወሬ ልክክ ብሎ ገጥሟል። እንዲህ ሳይፈስ የገጠመ ታሪክ ሠርቼ አላውቅም።

ቀሚሷን ሰብስባ ሳትሰናበተኝ ወጣች። የመኪናው ጡሩምባ ሲጮኽ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ እዚያው ቆሜ ነበር። አቧራው እስኪበርድ ጠብቄ ገባሁ።

አሚና ደጃፉን ትጠርጋለች። ብዙ ቀን ሳታናግረኝ ቆይታ ነበር። መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለች።

«ስትሄድ ምን አለችህ?»

«‹ደህና ሁን አባ› አለችኝ» አልኳት።